በጎዳና ዳር ስለሚያስቆሙ ነገሮች

መንገደኛ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ከቤቱ ገና ሳይነሣ ልቡ ከሚደርስበት ከተማ ቀድሞ ስለሚገባ፥ በመካከል ያለው አገር ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይታየዋል፤ ኪሎሜትሩንም እንደ ባለዕዳ እየቈጠረ ይከፍለዋል። ሁለተኛው ግን መንገዱ ራሱ ከጉዳዩ ይቈጠርለታልና፥ የተጠረበ ድንጋይ ቢያይ ይቆማል፤ የፏፏቴ ድምፅ ቢሰማ ይወርዳል፤ ሕፃን እጁን ቢያወዛውዝለት ምን ትሸጣለህ ብሎ ይጠይቃል። በአባቶቻችን ዘመን ይህ ልዩነት እጅግ የጎላ አልነበረም። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቢወድም ባይወድም ይቆም ነበር፤ በቅሎዋ ውሃ ትሻለች፥ አሽከሩ ይደክማል፥ ፀሐይዋ ትበረታለች። ስለዚህ ዋርካውም ምንጩም በመንገድ መለያያ ያለው ድንጋይም ሁሉ በየስሙ የታወቀ ነበር። ዛሬ ግን መኪናው አይጠማም፤ ቢጠማም ቤንዚን የሚቀዳበት ስፍራ ከዋርካ ጥላ ሥር አይደለም። እንግዲህ መቆም በፈቃድ የሚደረግ ነገር ሆነ፤ በፈቃድ የሚደረግ ነገር ደግሞ በቤተ ሰብ መካከል ክርክር ያመጣል።

በእኔ ቤት ያለው ክርክር የቈየ ነው። ባለቤቴ ሳይመሽ መግባትን ከሁሉ ታስበልጣለች፤ ምክንያትዋም እውነት ያለበት ነውና ነቀፋ የለኝም። እኔ ግን ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ወንበር ተቀምጬ የሰው ቃል ስጽፍ የኖርሁ ስለ ሆንሁ፥ አንድ ጊዜ ከከተማ ከወጣሁ ዘንድ የተባለውን ሁሉ በዐይኔ ማየት ደስ ይለኛል። ልጆቹ ከእኔ ወገን ናቸው፤ እነርሱ የሚቆሙት ግን ድንጋይ ለማየት ሳይሆን ሸንኮራ ለመግዛት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ታላቂቱ ልጃችን ምሕንድስና እንድትማር ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበርና እርስዋን ለማድረስ ተነሣን። የባለቤቴ ወንድም መኪናውን ከነነጂው አዋሰን። ከእኛ ጋር የባለቤቴ እናት እማሆይ ነበሩ፤ «ደብረ ሊባኖስ ጸበል ተጠምቄ፥ ከዚያም የልጄን ማደሪያ በዐይኔ አይቼ እመለሳለሁ» ብለው በዋዜማው ነጠላቸውን አጥበው ያደሩ ናቸው። ልጂቱ ከዘመድ ቤት በቀር ከእናትዋ ተለይታ አንድ ሌሊት እንኳ አድራ አታውቅም ነበር። ስለዚህ ከቤታችን እስከ እንጦጦ አናት ድረስ በመኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። እናትዋ የስንቁን አገልግል በጭንዋ ላይ አቅፋ ወደ ውጭ ትመለከታለች፤ ልጂቱም በሌላው መስኮት ትመለከታለች። የዚያን ቀን እኔ መንገዱን ማርዘም እንጂ ማሳጠር አልፈለግሁም፤ ይህንን ግን ለማንም አልተናገርሁም። ለነጂው ብቻ ከመነሣታችን በፊት በሹክሹክታ «ስል ትቆማለህ» አልሁት።

ሱሉልታን አልፈን፥ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አልፈን፥ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ምድሪቱ በድንገት ታልቃለች። አገሩን የማያውቅ ሰው ሜዳው እስከ ሰማይ ዳርቻ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ጤፉና ስንዴው ካለበት እርሻ ጥቂት ርምጃ ፈቀቅ ሲል ገደሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ከገደሉ ግርጌ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ጀማ፥ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ወደ ደብረ ሊባኖስ ከሚያስገባው መገንጠያ አጠገብ ስንደርስ «ቁም» አልሁ። መኪናው ገና ሳይቆም አምስት ያህል ልጆች ከበቡን። አንዱ ከለስላሳ ድንጋይ የተቀረጸ ትንሽ መስቀል፥ አንዱ የበግ ጠጕር ቆብ ይዞአል። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ልጅ ግን እጁ ባዶ ነበር፤ እርሱ የሚሸጠው ወሬ ነው።

«ጋሼ፥ የፖርቱጋልን ድልድይ ላሳይዎ፤ አምስት መቶ ዓመቱ ነው፤ በሰጎን ዕንቍላል የተሠራ ነው» አለኝ።

ተከተልነው። እማሆይ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ከሁላችን ቀደሙ። ድልድዩ ከመኪናው መንገድ ርቆ ከገደሉ አፍ ላይ የቆመ ነው፤ ጠባብ ነው፤ ከጥቁር ድንጋይ በቅስት በቅስት ተሠርቶአል። በላዩ ሰውና የተጫነ አህያ ያልፍበታል። ወንዙ በድልድዩ ሥር ዝም ብሎ ያልፍና ጥቂት ሄዶ ከገደሉ ላይ ወደ ታች ይወረወራል፤ በጥቅምት የክረምቱ ውሃ ገና አልጐደለምና ጭሱ እስከ እኛ ይመጣ ነበር። ቦታው ያለ አንዳች ወሬ እንኳ መቆም የሚገባው ነው።

ልጁ ግን ወሬውን ጀመረ፤ አንድ ጊዜም ሳይተነፍስ ጨረሰው። ፖርቱጋሎች መጡ፥ ኖራና የሰጎን ዕንቍላል ደባለቁ፥ ድልድዩን ሠሩ፥ ሄዱ። እኔም እንደ ልማዴ ከወዴት እንደ ሰማ ጠየቅሁት።

«ታላቅ ወንድሜ ነገረኝ» አለ።

«ለእርሱስ ማን ነገረው?»

«ፈረንጅ ይዞ የሚመጣ አስጐብኚ።»

«ለአስጐብኚውስ?»

ልጁ ጥቂት አሰበና «ፈረንጆቹ በያዙት መጽሐፍ አለ» አለኝ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ተመልከተው። ፈረንጁ ከመጽሐፉ ያነበበውን ለአስጐብኚው ይነግረዋል፤ አስጐብኚው ለልጁ ወንድም፥ ወንድሙም ለልጁ፤ ልጁ ደግሞ መልሶ ለፈረንጁ ይነግረዋል፤ ፈረንጁም የአገሩ ሰው መሰከረልኝ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ዳኛው አይቀበለውም።

እውነተኛው ነገር እንዲህ ነው። ድልድዩን ያሠሩት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ራስ ዳርጌ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፥ የዳግማዊ ምኒልክም አጐት ነበሩ፤ መቀመጫቸውን ፍቼ ላይ አድርገው ሰላሌን ገዝተዋል፤ ያረፉትም በ1892 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ድልድዩ አምስት መቶ ዓመት ሊሆነው ቀርቶ የመቶ ሠላሳና የመቶ አርባ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። ፖርቱጋሎች በበኩላቸው ወደ አገራችን የመጡበት ታሪክ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደር አስከትሎ ምጽዋ ወርዶ ከግራኝ አሕመድ ጋር ተዋግቶአል። ከእነርሱም በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ካህናት በአጤ ፋሲል ዘመን እስኪባረሩ ድረስ ቈይተዋል። ከዚህ የተነሣ በአገራችን የቈየና ማለፊያ የሆነ የድንጋይ ሥራ በታየ ጊዜ፥ ማን ሠራው ተብሎ ሳይመረመር «የፖርቱጋል ነው» ማለት ልማድ ሆነ። ድንጋዩን የጠረበው የሰላሌ ሰው፥ ኖራውንም ያቃጠለው ስሙ ጠፍቶ፥ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያለፈ ወታደር ስሙ ቀረ።

ስለ ሰጎኑ ዕንቍላል እማሆይ ተከራከሩ። «በዚህ ብርድ ሰጎን ከወዴት መጣ?» አሉ። እኔም የሰጎን አገር የአዋሽ ቈላ እንደ ሆነ፥ ዕንቍላልዋ ግን ከጥንት ጀምሮ ወደ ደጋ እየመጣ በአብያተ ክርስቲያናት ጕልላት መስቀል ላይ ይሰካ እንደ ነበር አስታወስኋቸው። እማሆይ «ለመስቀል እሺ፤ ለጭቃ ግን ማን ያባክነዋል?» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ልጁን ወደ ጐን ወስጄ የራስ ዳርጌን ነገር ነገርሁት። በጽሞና ሰማኝ፤ ደግሜ እንድነግረውም ጠየቀኝ። ሲጨርስ ግን እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፥ እውነት ነው ይሆናል። ራስ ዳርጌ ያልሁ እንደ ሆነ ግን ፈረንጁ ፎቶግራፍ አያነሣም።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጁ ውሸታም አይደለም፤ ነጋዴ ነው፤ ገበያው የሚሻውን ያውቃል። የሚያሳዝነው ገበያው እኛንም የሚጨምር መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ከእኛ በኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ቤተ ሰቦች ወደ ድልድዩ ወረዱ፤ ሁለቱም ሲወርዱ የሚናገሩት ስለ ፖርቱጋል ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጃችን አጠገባችን አልነበረችም። ዞር ብዬ ብፈልጋት በድልድዩ ግርጌ በድንጋዮቹ ላይ ቁጢጥ ብላ ወደ ቅስቱ ሆድ ትመለከታለች። «አባዬ፥ ና እይ» አለች፤ ከቤት ከወጣን ያሰማችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ወረድሁ። በቅስቱ ውስጥ ያሉት ድንጋዮች አንዱ ከሌላው ጋር በሽብልቅ መልክ ተጠርበው እንደ ተጋጠሙ፥ እያንዳንዱም ሊወድቅ ሲል ጐረቤቱን እየገፋ፥ ሁሉም ሊወድቁ ስለ ፈለጉ ማንም እንደማይወድቅ ነገረችኝ። ሲሠራ ከሥሩ የእንጨት መደገፊያ እንደሚቆም፥ የመካከለኛው ድንጋይ ከላይ ከገባ በኋላ እንጨቱ እንደሚነሣ፥ ክብደት በተጫነበት መጠን ቅስቱ እንደሚጠብቅ አስረዳችኝ። በምን አወቅሽ ብላት በመጽሐፍ አንብባ ነው። እናትዋ ከላይ ሆና ትሰማ ነበር፤ ፊትዋም ትንሽ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ «መሸብን» የሚለውን ቃል እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ አልተናገረችም።

ስንመለስ በአፋፉ ላይ የጭላዳ መንጋ አገኘን። ስለ ጭላዳ ጥቂት ልናገር። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የትም አይገኝም። ሌሊት ጠላት በማይደርስበት ገደል ላይ ተጣብቆ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ አፋፉ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ቀኑን ሙሉም ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር እየነጨ ይበላል። በደረቱ ላይ ቀይ ሌጣ ቆዳ አለው። ወንዱ በትከሻው ላይ የሚነሰነስ ትልቅ ጠጕር አለውና፥ ነፋስ ሲነካው የአንበሳ ጎፈር የደፋ የጦር አበጋዝ ይመስላል። አንዱ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ እኛን ከቁብ ሳይቈጥር ሲመለከት፥ እማሆይ አተኵረው አይተውት «እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አሉ። የትኛውን ባለሥልጣን እንደ ሆነ ግን ሊነግሩን አልፈቀዱም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትቆሙ ወላጆች ሆይ፥ ለጭላዳ እንጀራም ሆነ ዳቦ አትስጡ፤ ሣሩን ትቶ የመኪና በር መጠበቅ የለመደ እንደ ሆነ ለራሱም ለገበሬውም ክፉ ነው።

ደብረ ሊባኖስ ገዳም ገባን፤ እማሆይ ተጠመቁ። ይህ ስፍራ በጎዳና ዳር ከሚታዩ ድንቅ ነገሮች ጋር የሚቈጠር አይደለምና በዚህ ጽሕፈት ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ አነሣለሁ። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የገዳሙ መነኮሳት ተሰብስበው በጭነት መኪና ተጭነው ላጋ ወልዴ በሚባል ስፍራ በመትረየስ ተረሽነዋል። ፋሽስቶቹ ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት ቍጥር በመቶ የሚቈጠር ነው፤ ኋላ የተመራመሩ ሊቃውንት ግን ከ1,000 በላይ እንደ ሆነ ጽፈዋል። ከመገንጠያው ላይ የከበቡን ልጆች የፖርቱጋልን ስም ዐሥር ጊዜ ጠርተውልናል፤ የላጋ ወልዴን ስም ግን አንዱም አልጠራልንም።

ስለ ስም ነገር ካነሣሁ አይቀር ሌላውን መንገድም ልጥቀስ። ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ ይገዛል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ይዋዋላል፤ ከዚያ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ጉም በቀትርም አይለየውም። ተራራውን በስቶ የሚያልፍ 600 ሜትር የሚጠጋ የዋሻ መንገድ አለ፤ በጠላት ወረራ ዘመን የተቈፈረ ነው። ነጂው መብራቱን ያበራል፤ ልጆች የገደል ማሚቶ እንዲመልስላቸው ይጮኻሉ፤ በወዲያኛው አፍ ሲወጡ የደብረ ሲና ቈላ ከእግራቸው በታች ተዘርግቶ ያያሉ። ለሕፃናት ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ በመንገድ ላይ የለም። ከዚያም አቅራቢያ የምኒልክ መስኮት የሚሉት አፋፍ አለ፤ ከዚያ ላይ ቈላውን ሲመለከቱ ከአውሮፕላን እንደ መመልከት ነው።

ነገር ግን አብዛኛው ሰው ዋሻውን የሚጠራው «የሙሶሊኒ ዋሻ» እያለ ነው። እኔ በጽሕፈት ቤት እንዲህ ብሎ የሚናገር ምስክር ሲመጣ የምጽፈው ቃሉን እንደ ተናገረ ነው፤ ሌላ ማድረግ አይገባኝምና። በቤቴ ግን ጣርማ በር ይባላል። ተራራው ሙሶሊኒ ሳይወለድ ስም ነበረው። ሙሶሊኒም በዚያ ብርድ መዶሻ አንሥቶ አንዲት ድንጋይ አልፈለጠም። ስሙ የቀረው ስላዘዘ ነው። አንዳንድ ሰው «ታሪክ ነው፤ ቢጠራ ምን ይጐዳል?» ይለኛል። ታሪኩን አልካድሁም፤ በማን ትእዛዝ እንደ ተቈፈረ ለልጆቼ ነግሬአቸዋለሁ። የማልወደው የአገር በር በወራሪው ስም ሲጠራ ሕፃናት እንደ ተራ ነገር መልመዳቸውን ነው።

በዚህ ነገር ፈረንጆች ከእኛ ይልቅ ግልጽ ናቸው። የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በዚያ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላሉ። ይህ ሰው በየመንገዱ የሚያየውን ፎቶግራፍ ይልክልኛል። ኒው ጀርሲ በሚባለው ግዛት በባሕር ዳርቻ አንዲት ዝሆን አለች፤ ከእንጨት ተሠርታ በቆርቆሮ የተለበጠች፥ ቁመትዋ 20 ሜትር ያህል የሆነ፥ በሆድዋ ውስጥ ሰው በደረጃ የሚወጣባት ናት። ሉሲ ይሉአታል፤ ይህም ከእኛዋ ሉሲ ጋር ያላት ዝምድና በስም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ያሠራት ጀምስ ላፈርቲ የሚባል ሰው ነው፤ ያሠራትም ለክብር ሳይሆን በዙሪያዋ ያለውን ቦታ ለመሸጥ ነው፤ ይህንንም ማንም አይደብቀውም። ኋላ አርጅታ ልትፈርስ ስትል የከተማው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው እ.ኤ.አ. በ1970 ከቦታዋ አንሥተው ወደ ሌላ ስፍራ አዛውረው አዳኑአት። በሳውዝ ዳኮታ ደግሞ ዎል በምትባል ትንሽ መንደር አንድ መድኀኒት ሻጭ ነበረ፤ ሱቁን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ገበያ ጠፍቶ ሲቸገር ሚስቱ «በበረሃው ለሚያልፈው መንገደኛ በረዶ ያለበት ውሃ በነጻ እንሰጣለን ብለህ በመንገዱ ላይ ጻፍ» ብላ መከረችው። ጻፈ፤ ሕዝቡም ጐረፈ፤ እስከ ዛሬም ይጐርፋል። የሚስት ምክር ሰምቶ የከበረ ሰው በማናቸውም አገር ይገኛል፤ ይህንን ለባለቤቴ ባነብላት «በእኛ ቤት ግን አልተሞከረም» አለችኝ።

በእነዚያ ነገሮች ላይ ልቤን የነካው ትልቅነታቸው አይደለም። የእንጨት ዝሆን እንኳ የሠሪዋ ስምና የተሠራችበት ዓመት ተጽፎላታል፤ ልትወድቅ ስትልም ባለቤት አለኝ የሚል ሕዝብ ተነሥቶላታል። የራስ ዳርጌ ድልድይ ግን በክረምት ጐርፍ፥ በበጋም በጭነት ከብት ኮቴ እየተመታ፥ በሌላ ሰው ስም ይኖራል።

ወደ ጕዞአችን ልመለስ። ጎሐ ጽዮን ላይ ባለቤቴ ሰዓትዋን ተመለከተች፤ እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ የዓባይ በረሃ ይጀምራል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ጠመዝማዛ ወደ 40 ኪሎሜትር ነው፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። ልጃችን በዚህ ጊዜ ከነጂው አጠገብ ወደ ፊተኛው ወንበር ተዛውራ ነበር፤ ገደሉ በንብርብር የተደረደረ መሆኑን፥ ከላይ ያለው ጥቁሩ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ፥ ከሥሩ ያለው ነጣ ያለው ደግሞ በጥንት ባሕር ወለል የረጋ የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለእማሆይ ትነግራቸው ነበር። እማሆይ «ባሕር እዚህ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። በኋላም «የኖኅ ጊዜ ይሆናል» ብለው ተስማሙ፤ ልጂቱም ጨዋ ናትና ከዚህ በላይ አልተከራከረችም።

ከታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አሮጌው ዝቅ ብሎ ቀጥ ያለ ነው። አዲሱ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመርቆ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ ነው፤ ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን፥ ከሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች በወረደ ብረት ገመድ የተያዘ ነው። ድልድዩ የተሠራው የጃፓን መንግሥት በሰጠው ርዳታ በጃፓን መሐንዲሶች ነው። በዚያ ቆሞ ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለ ስለ ነበር ቀስ ብለን አለፍን፤ ልጂቱ ግን አንገትዋን አውጥታ ገመዶቹን ቈጠረች። ከዚያም ድንገት ሳቀች።

«ምን ሆንሽ?» አልኋት።

«አባዬ፥ ጃፓኖች የሠሩትን ማንም የጃፓን ድልድይ አይለውም፤ የሕዳሴ ድልድይ ይባላል። ራስ ዳርጌ ያሠሩት ግን የፖርቱጋል ድልድይ ነው» አለች።

እኔ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳሰላስል ያልደረስሁበትን በአንድ ቃል ተናገረችው። ባለቤቴም «እንግዲህ አንቺ ስትሠሪ ስምሽን በድንጋዩ ላይ ጻፊ፤ የማን ልጅ እንደ ሆንሽም ጨምሪበት» አለቻት። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። ደጀን ላይ ወጥተን የተጠበሰ የበቈሎ እሸት ገዛን፤ አገልግሉም ተፈታ። እናትዋ በእጅዋ አጐረሰቻት፤ ልጂቱም እንደ ሕፃንነትዋ አፍዋን ከፈተች። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ፥ ደብረ ማርቆስም ቡሬም፥ በጨዋታ አለፈ፤ ባሕር ዳር የገባነው በምሽት ነው፤ ስለ ምሽቱም የከሰሰኝ የለም።

በየካቲት ዕረፍት በሆነ ጊዜ ያው መኪና ተገኝቶ ልጂቱን ለማምጣት ሄድን። በመመለሻችን እርስዋ ራስዋ ነጂውን «ቁም» አለችው። ፏፏቴው ቀጥኖ እንደ ክር ሆኖ ነበር፤ ጭላዳዎቹ ግን በቦታቸው ነበሩ። ቀጭኑ ልጅ ጥቂት ረዝሞ ነበር፤ ከሩቅ አወቀንና ሮጦ መጣ። አሁን ዕውቀቱ ጨምሮአል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ አዋጅ ነጋሪ ቆመና እንዲህ አለን፦

«ሁለት ታሪክ አለኝ። የፖርቱጋሉ 20 ብር ነው። የራስ ዳርጌው 30 ብር ነው።»

እማሆይ «የራስ ዳርጌው ስለ ምን ተወደደ?» ብለው ጠየቁት።

«እማማ፥ እርሱ እውነተኛው ነዋ» አላቸው።

እማሆይም ከመቀነታቸው ፈትተው ሠላሳውን ብር ራሳቸው ከፈሉ፤ ከዚያም በድልድዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፥ መቋሚያቸውን በጕልበታቸው ላይ አጋድመው፥ ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ሰሙት።